ገጽ አምስት

ቩፐርታል፣ ኅዳር ወር፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣
ባቡሩ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ
ባለፈ ቁጥር ሁሉ መስኮቱ ይርዳል፤
ከጎማ ቤቱ ፎቅ ስብሰባው ይካሄዳል።
አምስት ሽማግሌ፣ አንድ ቴርሞስ ሻይ፣
ስምንት ገጽ ደብዳቤ ከጠረጴዛው ላይ።

ከፈለቀች ነው፤ ያቺ የሌሊት ተረኛ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረች ከእኛ፣
የሆስፒታል ወለል ወልውላ ስታበቃ
እሑድ ወንበር ደርዳሪ፣ እንቅልፏን ንቃ።
በፋሲካ ሰሞን ወጣች። በሩን ጓ አላደረገችም።
በቀስታ ነው የዘጋችው፤ ይህን ማንም አላስታወሰም።

ከእሷ በፊትም የወጡ አሉ፤ ግድግዳው ያውቃቸዋል፤
በወንዝ ዳር ጥምቀት ፎቶ ላይ ፊታቸው አበባ ሆኗል፦
የሕፃናት ክፍል መምህሯ ናት ስቲከር የለጠፈችው፣
«መቁረጥ ያሳዝናል» ብላ፣ በርኅራኄ ነው የሸፈነችው።

ከገጽ አንድ ሦስት መስመር ተነበበ፤ ሌላው ታለፈ፤
«ሐሳቡ ይታወቃል፤ የከፋው ሰው ስንቱን ጻፈ!»
«ቆስላለች» አለ ፓስተር አብነት፤ «የቁስል ነገር
ይጸለይለታል እንጂ መች ይመረመር።»
ላቀው ሳቀ፦ «ቂም ነው! ባል ቢኖራት በቤቷ
መች ለቀለም ይተርፍ ነበር ጉልበቷ።»
«መንፈስ ነው» አለ ሽብሩ፤ ስሙንም ጠራው።
አንዱ ጠበቃ ያውቃል። አንዱ ሰዓቱን አየው፣
«ተዉት» አለ፣ «እንደ ሻዩ ራሱ ይበርዳል።»
ባቡሩ አለፈ። መስኮቱ ይርዳል።

«እውነት ነው ወይ የምትለው?» ብሎ የጠየቀ
አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁ። እስክሪብቶዬ ደረቀ።
ጸሐፊው እኔ ነኝ። «እጅህ ያምራል፣ አንተ መልስላት፤
አጭር ይሁን፣ በፍቅር፤ ግን በር አትክፈትላት።»

ማታ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም፣
«የተወደድሽ እኅት ሆይ» አልኩና አላለፍኩም።
ስልኳን ከስልኬ ያጠፋሁት በግንቦት ነበር፣ እንዳዘዙኝ፤
በሰኔ ደግሞ፣ ከጣቢያው ደረጃ ላይ ስታገኘኝ፣
ፈገግ ብላ እጇን ወደ እኔ ስታነሣ
ጎንበስ አልኩ ጫማ ላስር። ክር የሌለው ጫማ! ሰው እንዲህ ይረሳ?

«ስለ መራራነትሽ» ብዬ ጻፍኩ፤ አልወደድኩትም።
«በተሰማሽ ነገር እናዝናለን»፦
ይሄ ያምራል፤ ያዘነ አለበት፣ ያጠፋ የለበትም።

ገጾቹን ሳስተካክል፣ አምስተኛው ላይ የኩባያ ክብ አለ፤
ስብሰባው እስኪያልቅ ኩባያ እሱ ላይ ዋለ።
ከክቡ መሐል የልጇ ስም፦ ኢዮስያስ፤
የሚጥለው ልጅ፣ «ክኒን መዋጥ የእምነት ማነስ
ነው» ያልንበት ሌሊት። ከዚያ ትጽፋለች፦
«ሲወድቅ ጥርሱ ተሰበረ፤ እናቱ አሜን እያለች
ነበር። በዚህ የማፍረው እኔ ነኝ። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦
ክኒኑን ሽንት ቤት የደፋው ወንድም፣ ይተኛል? ደኅና ነው?»

ስሜን ታውቃለች። አልጻፈችም።
ውኃውን ሁለቴ ለቀቅሁ፤
አንዷ ክኒን ተንሳፋ፣ አልሰጥም ብላ፣ አልሄደችም።

ሲነጋ ሦስት መስመር ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁበት፣
ቢጫው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጣልኩት፣ ዝናብ እየወረደበት።
እሑድ፣ ስም ሳይጠራ፣ ስለ ከዳተኛ ተሰበከ፤
ጉባኤው አወቀ፤ ጉባኤው ተንበረከከ።
እኔም።

በሁለተኛው ሳምንት መልሷ መጣ፤ አንድ መስመር።
(«አላልኳችሁም? መንፈሱ አይተኛም!» ሽብሩ ነበር።)
«ገጽ አምስትን ያነበበው ማን ነው?» ይላል፣ ሰላምታም የለው።
ተያዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ጸሐፊ ያውቃል ብለው።

ባቡሩ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። መስኮቱ ዝም አለ።
ኩባያዬን አነሣሁ። ከሥሩ፣
እርጥብ ክብ፣ እዚያው አለ።